የቀኙ ቋሚ ዳኛ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክብርት ዳኛ ዮዳሄ፣ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ለማታድረው የልጅ ልጄ፣

አዎ፣ እግሬ አለ። ሁለቱም አሉ፤ አሁን ቆጠርኳቸው። ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደኅና ነኝ። የፍልሰታን ጾም ይዤ ያን ሁሉ ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆሜን ለእናትሽ የነገራት ወንድምሽ ሲራክ ከሆነ፣ ከውርሴ ነቅዬዋለሁ በዪው። ውርሴ አንድ ሬዲዮና አንድ ከዘራ ነው፤ ሬዲዮው ላንቺ ዞሯል።

ኪራኮስ ፎቶዬን አየ። ያው ታውቂዋለሽ፣ ታክሲውን አቁሞ እኛን ጎረቤቶቹን መንዳት የጀመረው። «ይሄ ነጭ ጋወን ምንድነው? መቼ ነው ሐኪም የሆንከው?» አለኝ። «የጎል ዳኛ ነኝ» አልኩት። በአየርላንዶች ኳስ ዋናዋ ዳኛ የጎል ዳኞቿን ከገዛ ቤቷ መርጣ ይዛ እንደምትመጣ፣ እኔ በጎሉ በቀኙ ቋሚ ብረት ሥር፣ ሲራክ በግራው እንደምንቆም አስረዳሁት። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ካለፈች ነጭ ባንዲራ አነሳለሁ፣ አንድ ነጥብ ናት፤ ውጭ ከሄደች ክንዴን ዘርግቼ እከለክላለሁ አልኩት። «ዘመድ ለዘመድ? ይሄማ የኛው ሽምግልና ነው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሁሌ የምልሽ ይህንኑ ነው።

ስለ ፍጻሜው ጨዋታ ምን አሰቡ ብለሻል። አረንጓዴዎቹና ቢጫዎቹ እኩል መውጣታቸው ደስ ብሎኛል። ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የዩ ስትሪት ሬስቶራንት ሸሪክ ሳስታርቅ ኖሬ፣ የተሳካልኝ ቀን ሁለቱም ወገን እኩል እያጉረመረሙ የሄዱ ቀን ነው። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁት ነገር ነው። በሳምንቱ ይደገማል ብዬ ጋወኔን ለማሳጠብ ሳስብ፣ እናንተ ልጆቹን በየተራ አሰልፋችሁ አስመታችኋቸው። የመጨረሻዋን የሳተችው የጀርመንታውኑ የአቶ ንጉሡ ልጅ፣ ኤሊ ናት አሉኝ። ስታለቅስ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ዕረፍት ላይ «አባባ፣ ፀሐዩ!» ብላ ቢጫ ኮፍያዋን ከራሷ አውልቃ የደፋችልኝ እሷ ናት። ኮፍያው እኔ ጋ ቀርቷል። መጥተሽ ውሰጂላት።

አሁን ጥያቄው የኔ ነው። ከሜዳው እስከ ቤቴ፣ ያን ሁሉ የቤልትዌይ መንገድ፣ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ምን አጠፋሁ?

በወፍራም ማርከር የጻፍኩት እስክሪብቶዎቼ ስለ ደረቁ ነው። አያቴ ጃጀ ብለሽ እንዳታስወሪ።

አያትሽ ይገዙ


አሌክሳንድርያ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከወንዙ ወዲህ ያለነው ሁላችን ደኅና ነን። እንዳዘዙኝ በእኛ ቀን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ ቁም ነገር በስልክ አይወራም ስላሉም ኮል አላደረግኩም።

እኩል ከወጡ ይደገማል የሚለው ደንብ ዘንድሮ ተለውጧል። ሜዳው የሚገኘው ለአንድ ቀን ነው፣ ተጫዋቾቹም ሥራ አላቸው፤ ስለዚህ እዚያው በመለያ ምት ያልቃል። ሚያዝያ ላይ ነግሬዎት ነበር። «እሺ፣ እሺ» ብለውኝ ወሬ ቀየሩ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርዎት። እኔን ሊገመግም የመጣው ሰውዬ አሞገሰኝ። በሌበር ዴይ በዓል ሰሞን በሚደረገው አገር አቀፍ ውድድር እንድዳኝ ተመርጫለሁ። አምስት ዓመት የሮጥኩት ለዚህ ነበር፤ ጉልበቴ ተበላሽቶ መጫወት ካቆምኩ ጀምሮ። ይህን መኪና ውስጥ ልነግርዎት አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

ምክንያቱ ይኸው። በመጨረሻው ደቂቃ ቢጫዎቹ በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። አረንጓዴዋ ልጅ ስትመታ እኔ ከኋላ ቀርቼ ነበር፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ኳሷ የሄደችው በእርስዎ ቋሚ አናት ላይ ነው። ከእኔ ቦታ ውስጥም ልትሆን ትችላለች፣ ውጭም። ወደ እርስዎ አየሁ። ነጩን ባንዲራ አነሱ። ነጥቡን አጸደቅኩ፣ አቻ ሆኑ፣ ፊሽካ ነፋሁ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ዋናው ዳኛ ያላየውን የጎል ዳኛው ያይለታል።

ግን ሲራክ አንድ ነገር ነገረኝ። ባንዲራውን ካነሱ በኋላ ወደ እሱ ዞር ብለው ቀስ ብለው «የት ሄደች?» አሉት አለኝ።

አባባ፣ ኳሷን አይተዋታል? አንድ ቃል ይበቃኛል። አላየሁም ካሉኝ ለኮሚቴው ራሴ እናገራለሁ፤ ስህተት ነው፣ ማንም ይሳሳታል። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ልጅዎ ዮዳሄ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአገር አቀፏ ዳኛችን፣

እልል ብያለሁ! የላይኛው ፎቅ ሴትዮ ወለሉን በእግሯ መታችብኝ፤ መልሼ እልል አልኩባት። ኪራኮስ ደብዳቤሽን ጮክ ብሎ ነው ያነበበው። እሱ ምን ያድርግ፣ ዕድሜውን ታክሲ ላይ ሬዲዮ ሲሰማ ኖሮ ድምፅ ሳያወጣ ማንበብ አይችልም።

የምትበሪበትን ቀን ጻፊልኝ። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅልሻለሁ። አውሮፕላን ጣቢያ ያሉት ሰዎች ምንድነው ካሉሽ ጠጠር ነው በያቸው፤ ጥርሳቸው ከተሰበረ በኋላ ያምኑሻል።

ሲራክ ስላወራልሽ ነገር፦ የት ሄደች ያልኩት ከኋላችን ያለው ጥሻ ውስጥ ገብታ እንዳትጠፋ ነው። ኳስ ውድ ነው። ያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግማሽ ሰምቶ ሙሉ ያወራል።

አንድ ቃል ካልሽ፣ አይቻታለሁ። ከቋሚው አንድ ስንዝር ገባ ብላ ነው ያለፈችው። አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ ካልሲሽን ገልብጠሽ መልበስሽን ከመንገድ ማዶ ያየ ዓይን ነው ይሄ። ተረጋጊና ሻንጣሽን አሰናጂ።

አያትሽ ይገዙ፣ የቀኙ ቋሚ ዳኛ


አሌክሳንድርያ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባባ፣

እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በጥሩ ሰዓት ነው የደረሰልኝ። የቢጫዎቹ አሠልጣኝ አቤት ብሎ ኖሮ ኮሚቴው በማግሥቱ ጠየቀኝ። «የጎል ዳኛዬ በደንብ አይቷል» አልኳቸው። አንዱ፣ «የጎል ዳኛሽ አያትሽ ናቸው፤ እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «አያቴ በሌላው ሁሉ ይቀልዳል፤ በዚህ አይዋሸኝም» አልኩት። ቃሌን ተቀበሉ። ዓርብ ነሐሴ 24 እበራለሁ።

እማዬ ቲቪ ሲያዩ አንገትዎን እንደሚያጣምሙ ነገረችኝ። ያምዎታል እንዴ?

የኤሊን ኮፍያ ከውድድሩ ስመለስ እወስደዋለሁ። ለነገሩ አሁን ብወስደውም የት አግኝቼ እሰጣታለሁ? ልምምድ መምጣት ትታለች። ጫማዋን ለሌላ ልጅ ሰጠች አሉ። ጓደኞቿ ቤቷ ሲሄዱ «ዋንጫውን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» ብላ በሩን አልከፈተችላቸውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑ አይደለም፤ ስለ ኮፍያው ስለ ጠየቁኝ ነው።

ልጅዎ ዮዳሄ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመንገደኛዋ፣

አንገቴን አያመኝም። ጠማማው ቲቪው ነው።

ስለ ኮፍያው ከእንግዲህ አታስቢ፤ በእጄ አድርሻለሁ። እንዴት አትዪኝም? ሰኞ እኔና ኪራኮስ ነጠላችንን አጣፍተን፣ በዚያች ጣሪያዋ ላይ የታክሲው መብራት ጠባሳ ባለባት መኪናው ጀርመንታውን ወረድን። ኪራኮስ መንገድ ሳተ፤ አልሳትኩም ብሎ ተከራከረ፤ ጂፒኤሱንም ሰደበው። አቶ ንጉሡ ደጅ ስንደርስ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ልግባ ብዬ ከጎረቤቱ አበባ መደብ ዳር ያገኘኋትን አነሳሁ። «ካሜራ አለ፣ ጣለው! የድንጋይ ሌባ አሉ ብለው ፖሊስ ይጠሩብናል!» ብሎ ኪራኮስ ከትከሻዬ ነጠቀኝ። ባዶ ትከሻዬን ይዤ ገባሁ።

ምን እንደተባለ አትጠይቂኝ፤ የሽምግልና ቤት ወሬ ወደ ውጭ አይወጣም። ይህን ያህል ልንገርሽ። ሰውየው ጨዋ ነው። አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ኪራኮስም ምን እንዳስለቀሰው ሳያውቅ አለቀሰ። ልጅቷ ከፎቅ ወረደች። ኮፍያዋን ሰጠኋት። ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው እንጂ አላጠለቀችውም። ቢሆንም ይቅር ተባብለናል፤ ነገሩ አልቋል። ልቤም ቀለል ብሎታል።

አንቺ ሂጂና ፊሽካሽን ንፊ። የወገን ዓይን ሁሉ አንቺ ላይ ነው። ዳቦ ቆሎውን ለሲራክ ሰጥቼዋለሁ፤ መንገድ ላይ ካልበላው ይደርስሻል።

አያትሽ ይገዙ


አሌክሳንድርያ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባ፣

ውድድሩ እንዴት ነበር ብለው በሲራክ ጠይቀውኛል። አላውቅም። አልሄድኩም።

ሐሙስ ማታ ኮሚቴው ጠራኝ። አቶ ንጉሡ በክፋት አይደለም የተናገሩት፤ አመስግነው ነው። ለቢጫዎቹ አሠልጣኝ «እንዲህ ያለ ሽማግሌ አሜሪካ ውስጥ አለ አልልም ነበር። ‹ኳሷን ሳላይ ነው ባንዲራ ያነሳሁት፤ የልጅህን ዕንባ ያመጣሁት እኔ ነኝ› ብለው እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው» ብለው ነገሩት። አሠልጣኙ ለኮሚቴው ነገረ። ኮሚቴው «አይቷል» ብዬ የሰጠሁትን ቃል መልሶ አነበበልኝ።

በተሳሳተ ባንዲራ ማንም ዳኛ አይሰናበትም። እኔ የተሰናበትኩት እያወቀች ደበቀች ተብዬ ነው። አላውቅም ነበር አልኩ። «አያትሽ ለጀርመንታውን ሰው ተናግረው ላንቺ አልተናገሩም?» አሉኝ። እርስዎ መልስ ካለዎት ይጻፉልኝ።

ቢጫዎቹ ይደገምልን ብለው ለመኑ። ኮሚቴው አንዴ የጸደቀ ውጤት አልነካም አለ፤ አረንጓዴዎቹንም በፈቃዳችሁ ድገሙት ቢላቸው እምቢ አሉ። ከእንግዲህ በእኛ አካባቢ ዳኛ ዘመዱን የጎል ዳኛ አድርጎ ማምጣት ተከልክሏል። ያ ማስቲካ የሚሰጥዎት የአየርላንድ ሽማግሌም ከእንግዲህ ለልጁ የጎል ዳኛ ሆኖ አይቆምም።

አንድ ቃል ነበር የጠየቅኩዎት። ለእኔ ከለከሉኝ፤ ለእሳቸው ሙሉውን ነገሩ።

እንደ ወትሮዬ እሑድ ልወስድዎት አልመጣም።

ዮዳሄ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ዮዳሄ፣

ዛሬ ማዕረግ አልጻፍኩልሽም።

አላየኋትም።

የጠየቅሽኝ ቃል ይቺው ናት። ያኔ ብትመጣ ኖሮ ዋጋ ነበራት።

ከፋሲካ ወዲህ የማየው ነገር ሁሉ መሃሉ የለም። ዳር ዳሩ አለ። የሰው ጆሮ አያለሁ፣ ፊቱ የለም። አንቺንም በፀጉርሽና በአረማመድሽ ነው የምለይሽ። ቲቪውን እንደ ዶሮ አንገቴን አጣምሜ የማየው፣ ደብዳቤሽንም ኪራኮስ የሚያነብልኝ ለዚህ ነው። እስክሪብቶ አልደረቀም። ሜዳ ላይ የሲራክ ክንድ በዳር በኩል ይታየኝ ነበር፤ እሱ ሲያነሳ አነሳለሁ፣ እሱ ሲዘረጋ እዘረጋለሁ። ክረምቱን ሁሉ እንዲህ አለፍኩት፤ እንዲያውም ፈጣን ነዎት ብለሽ አመሰገንሽኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ግን በኔ ቋሚ ላይ መጣች። ሲራክም ወደ እኔ ዞረ። ሁላችሁም ዞራችሁ።

ያኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። ማን ነው የሚመራው? ቢጫዎቹ፣ በአንድ። እንግዲያው እኩል ላድርጋቸው፤ ማንም ሳይከፋው ይለያያሉ፣ በሳምንቱ ይደገማል አልኩ። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት እሱን ነው። ነገር ሲጨልምብኝ መሃሉን እይዛለሁ። ለካ ያላየ ሰው መሃል የለውም። ያላየ ሰው ያለው አላየሁም ማለት ብቻ ነው።

በሳምንቱ ይደገማል ስል ደግሞ ኳሱን ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። እሑድ ጠዋት ከታች ሆነሽ ጡሩምባሽን ስታሰሚ፣ የሕንፃው ሽማግሌዎች በመስኮት ብቅ እያሉ «ይገዙ፣ ዳኛዋ መጣችልህ!» ይሉኛል። ነጩን ጋወን በክንዴ ይዤ እወርዳለሁ። ዓይኔን ብነግርሽ በማግሥቱ ጋወኑን ትወስጂው ነበር፤ ልክም ነሽ። የሰሰትኩት ያችን ጠዋት ነው።

ለምን ለሰውየው ቀድሜ ነገርኩ? የበደልኩት እሱን ነው፣ የበደለ ሰው ቀድሞ የተበደለው ደጅ ይቆማል፣ እኔ የማውቀው ይህን ነው። ከበደልኳቸው ሰዎች ውስጥ አንቺን አልቆጠርኩሽም። የራሴ ስለሆንሽ። መልስ አለዎት ወይ ላልሽኝ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ ለኮሚቴም የሚነገር አይደለም። ኪራኮስ ልንዳህና ሄደን ለኮሚቴው እንንበርከክ ሲለኝ፣ ይበቃናል አልኩት። ሽምግልናዬ ያበላሸው ይበቃል።

ያጣላሁትን ለማስታረቅ ብዙ አዞርኩት። እኩል አልወጣ አለኝ። አንቺ ተሸንፈሻል። ያሸነፍኩሽ እኔ ነኝ።

ጋወኑንና ነጩን ባንዲራ በሲራክ ልኬልሻለሁ። ጋወኑን በእጄ አጥቤዋለሁ። ኪሱ ላይ የነበረው እድፍ ይልቀቅ አይልቀቅ አላውቅም።

ይገዙ


አሌክሳንድርያ፣ መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገርዎት።

ይህን በጥቁር ማርከር በትልቁ የጻፍኩት አቶ ኪራኮስ እንዳያነቡልዎት ነው። በየገጹ ጥቂት ቃል ብቻ ነው ያለው። እንደ ዶሮው አድርገው በዳር በኩል ይሞክሩ።

እድፉ አልለቀቀም።

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ። ሲራክ ይወስድዎታል። የጠፋውን አይመልሱትም ይሆናል፤ የቀረውን ግን ያቆዩልዎት ይሆናል። እንዳይቀሩ።

ኤሊን አግኝቻታለሁ። የአረንጓዴዋ ኳስ ምናልባት ውጭ ነበረች፣ ባንዲራው ባይነሳ ያ መለያ ምት ባልነበረ ነበር አልኳት። «አባዬ ነግሮኛል፤ ቢሆንም ኳሷን የሳትኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

እሑድ አሁንም አልመጣም። ለቅጣት አይደለም። እርስዎን ሳስብ ያቺ ኳስ አብራ ትመጣለች፤ መቼ እንደምትተወኝ አላውቅም። እሑድ ጠዋት ወርደው በሩ ላይ እንደሚቆሙ ሲራክ ነግሮኛል። አይቁሙ። ብርዱ እየመጣ ነው።

ይህ ጽሑፍ ታይቶዎታል? ካልታየዎት አላየሁም ይበሉኝ። አይገምቱ።

ዮዳሄ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ከጠዋት ጀምሬ ነው ያነበብኩት፤ አሁን ፀሐዩ ወደ ፓርኪንጉ ዞሯል። ኪራኮስ በር ላይ ቆሞ «ምን አለች? ምን አለች?» ይለኛል። የራስህን አጽፍ አልኩት።

የእድፉን አየሁ። የሐኪሙን አየሁ፤ አልቀርም። የኤሊን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ስለ እሑድ የጻፍሽው ገጽ ላይ ስደርስ ይህቺ አልታየችኝም ልልሽ እጄ ተነስቶ ነበር። አወረድኩት።

አይቻታለሁ።

ይገዙ